የሣጥኗ እንቅልፍ

ከዚራ፣ ከጣቢያው ማዶ፣ በሳሎናችን ጥግ፣
ጥቁር ሣጥን አለች፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትጠርቅ ወግ።
አራት ዲስክ በሆዷ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ እያሉ፣
ማንም ምንም ሳይጠይቅ ይሽከረከራሉ።
የሱመያ ሰርግ አለ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፤
ሙሽራው የታየው አንዴ ብቻ፣ ያውም በከፊል።
የቤት ካርታ አለ፣ የውሃ ደረሰኝ፣
ደቻቱ እንዳይወስደው ብሎ ሰፈሩ የሰጠኝ።

ችግሩ ሌላ ነው። ያ ዋናው ሲስተሟ፣
የምትነቃበት፣ የምታስብበት አቅሟ፣
ከዕቃው ጋር ታጭቆ ነው የኖረው አብሮ፤
ፉርጎ ላይ ከሽንኩርት ጋር እንዳለ የሹም ቢሮ።
ሹሙ ማስታወሻ ሊጽፍ እስክሪብቶ ቢያነሳ፣
ባቡሩ በሙሉ አብሮት እየተነሳ።
በግንቦት ሐሩር፣ ድሬ ስትጋገር፣
ጣቴን የለበለበኝ የሣጥኗ ጠርዝ ነበር።
መብራት ሄዶ ሲመጣ ሩብ ሰዓት ታስባለች፣
ጥርሷን እንደታመመች ታቃስታለች።

አሸዋ ገበያ ሄጄ፣ ከሂቦ ሱቅ ቆሜ፣
ሁለት ኤስ ኤስ ዲ ገዛሁ፣ ተከራክሬ፣ ደክሜ።
«ሁለት ለምን?» አለችኝ። «አንዱ ቢሞት» አልኳት «ሌላው እንዲተካ።»
«ባልም የሚገዛው እንዲህ በጥንድ ነው ለካ!»
ከብስኩት ይቀላል። ብነቀንቀው ዝም።
የሚዞር ነገር የለው፣ የሚንቋቋ የለም።

ሐሙስ ሌሊት ሠራሁት። አማቴ ሮብሌ
ፍራሻቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ከእግራቸው ሥር፣ ወለሉ ላይ ውዬ፣ እዚያው ውሎ አድሬ።
(ሠላሳ ሁለት ዓመት ፍሬን ይዘዋል እሳቸው፣
ከድሬ ጅቡቲ፤ አሁን ጉልበት ነው የከዳቸው።)
መጀመሪያ ቅጂ፤ ያለ ቅጂ ማን ይደፍራል?
ያለ ፍሬን ቁልቁለት ማን ይወርዳል?
ካቻቢቴ፣ ስምንት ብሎን፤ አንዱ ተንከባሎ ጠፋ፣
ዛሬም ከሶፋው ሥር ነው፣ ቆርጬበታለሁ ተስፋ።
ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ላይ ቆመ። አምፖሉ አንዴ ፈጠጠ፣
አንዴ ደግሞ ጨለመ፤ ልሂድ አለና ሐሳቡን ለወጠ።

አለቀ። ሹሙ ሻንጣውን ይዞ ከፉርጎው ወረደ፣
የራሱ ወንበር ወዳለው፣ ወደ ጸጥተኛው ክፍል ሄደ።
ሥራ የለ፣ ጠሪ የለ፤ አስር ደቂቃ ጠብቀው፣
አራቱ ዲስኮች ቆሙ፣ ተኙ ተደራርበው።

እንዲህ ዓይነት ዝምታ ይህ ቤት አያውቅም።
ሩቅ አንድ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ምንም።

«ምን ሆነ?» አሉ ሮብሌ፣ ከፍራሹ ተነስተው፣
በጨለማ በእግራቸው ወለሉን ዳስሰው፣
«ለምን ቆመ? ጣቢያው የቱ ነው?»

«አልቆመም» አልኩ «አባባ፣ እንዲያውም ፈጥኗል ያኔ ከነበረው።»
«ድምፅ ሳይኖረው መሄዱን በምን አውቃለሁ እኔ?
ፍሬን የያዝኩት በጆሮ ነው እንጂ መቼ ነው በዓይኔ?»

ለካ በየሌሊቱ፣ ያ ቀጭ ቀጭ ሲቀጥል፣
ሽንሌ፣ ሐሬዋ፣ አዲጋላ እያሉ ነበር፣ አይሻ ላይ እንቅልፍ እስኪጥል።

ምን ልበል? ስልኬን አነሳሁ፣ የሱመያን ሰርግ ከፈትኩ፤
ስምንት ሰከንድ ያህል ባዶ መስኮት አየሁ፣ ጠበቅኩ።
መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሦስቱ ነቁ፣
እያፏጩ ዞሩ፣ ቀጭ ቀጭ አሉ፣ ተንቋቁ።
«እህ» አሉ። «ሽንሌን አልፈናል ማለት ነው።»
ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ተኙ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው።

ነገ ካራቱ አንዱን «አትተኛ» ብዬ አዘዋለሁ፤
ለኢፍራህ፣ ለቆጣሪው፣ ሰበብ እፈልጋለሁ።
አሁን ቁጭ ብያለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፊልም፣
ድምፁ ጠፍቶ በእጄ ላይ፤
ሙሽራው ገና አልመጣም።